ተገላቢጦሽ ስሕተት ነውን? የተገላቢጦሽ ሁክ በቦውሊንግ ጨዋታ፦ ከኳሱ፣ ከፒኖቹና ከአካሉ አንጻር

(ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



አበው አንድ ነገር ከወትሮው ሥርዐት ሲወጣ «ተገላቢጦሽ፣ አህያ ወደ ሊጥ ውሻ ወደ ግጦሽ» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ የተገለበጠ ነገር የተበላሸ ነገር ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ይህንኑ ስም የተሸከመ፣ ይህንኑም ፍርድ የተቀበለ አንድ አወራወር ነው፤ በቦውሊንግ ጨዋታ «የተገላቢጦሽ ሁክ» የሚባለው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው ኳሱን ሲለቅ፣ ኳሱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄዶ ወደ ፒኖቹ ሲቃረብ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲታጠፍ ይጠበቃል። ይህ መታጠፍ ሁክ ይባላል። አንዳንድ ተጫዋቾች ግን በዚያው በቀኝ እጃቸው ወርውረው ኳሱን ከግራ ወደ ቀኝ ያጥፉታል። ብዙዎቹ ይህን ያደረጉት አስበው አይደለም፤ እጃቸው ገና ከመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ስለ ታዘዘላቸው ነው። አሠልጣኝ ዘንድ በቀረቡ ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት የመጀመሪያ ቃል «ይህን ተው» የሚል ነው።

ጥያቄዬ ይህ ምክር ትክክል መሆን አለመሆኑ ብቻ አይደለም። ትክክል ከሆነስ በምን ምክንያት ነው? ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ የስፖርት መምህራንና አሠልጣኞች ትሆናላችሁ። የአንድን ተማሪ እንቅስቃሴ «አስተካክል» ከማለታችሁ በፊት የተበላሸው ምን እንደ ሆነ ለይታችሁ ማወቅ ይኖርባችኋል። ስለዚህ ነገሩን በሦስት ከፍዬ አቀርበዋለሁ፦ በመጀመሪያ ከኳሱ፣ ቀጥሎ ከፒኖቹ፣ በመጨረሻም ከወርዋሪው አካል አንጻር።

ወለሉ፣ ፒኖቹና የመግቢያው ማዕዘን

ኳሱ የሚሄድበት ወለል ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን ድረስ 18.29 ሜትር፣ ማለትም 60 ጫማ ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን 1.05 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በወለሉ ጫፍ አሥር ፒኖች በአራት ረድፍ፣ ጎኖቹ እኩል በሆኑ ሦስት ማዕዘን ተደርድረው ይቆማሉ። በአንዱና በአጎራባቹ ፒን ማእከል መካከል ያለው ርቀት 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ፒኖቹ ከፊት ወደ ኋላ፣ በየረድፉም ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራሉ፤ ከፊት ለብቻው የቆመው 1ኛ ነው፣ ከኋላው በግራ 2ኛ በቀኝ 3ኛ ይቆማሉ፣ በመጨረሻው ረድፍ የግራው ጥግ 7ኛ የቀኙ ጥግ 10ኛ ነው።

አንድ ፒን 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ክብደት አለው። ኳሱ ደግሞ ከ7.26 ኪሎ ግራም መብለጥ አይፈቀድለትም። ኳሱ ከፒኑ ብዙ ቢከብድም በመታ ቁጥር ከመንገዱ ይገፋል። እዚህ ላይ ነው ሁክ የሚያስፈልገው። አሥሩም ፒኖች በአንድ ውርወራ የሚወድቁበት፣ ስትራይክ የሚባለው ውጤት በንጹሕ መልኩ ሲገኝ ኳሱ ራሱ የሚነካው አራቱን ብቻ ነው፦ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውንና 9ኛውን። የቀሩትን ፒኖች የሚጥሏቸው ፒኖች ናቸው፤ 1ኛው 2ኛውን፣ 2ኛው 4ኛውን፣ 4ኛው 7ኛውን ይመታል፤ 3ኛው 6ኛውን፣ 6ኛው 10ኛውን፤ 5ኛው ደግሞ 8ኛውን።

ይህ ሰንሰለት እንዳይበጠስ ኳሱ በ1ኛውና በ3ኛው ፒን መካከል ሲገባ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ሆኖ፣ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ በሚደርስ ማዕዘን ቢገባ ይመረጣል። ቀጥ ብሎ የገባ ኳስ 1ኛውን ፒን ሲመታ ወደ ቀኝ ይገፋና መካከለኛውን 5ኛ ፒን ይስተዋል። ታዲያ ከወለሉ ጥግ ተነሥቶ ሳይታጠፍ በሰያፍ መወርወር አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ግን አይበቃም። ከወለሉ ጠርዝ እስከ ዒላማው ያለው የጎን ርቀት 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለ18.29 ሜትር ብናካፍለው የምናገኘው ማዕዘን 1.5 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ጠባቡ ወለል የከለከለንን ማዕዘን የምናገኘው ኳሱን በመንገዱ መጨረሻ ላይ በማጠፍ ነው።

ኳሱ ስለ ምን ይታጠፋል?

ኳስን የሚያጥፈው ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ሽክርክሪት ኳስን አያጥፍም። እንደ እንዝርት በቆመ ዛቢያ ላይ የሚሾር ኳስ፣ ሽክርክሪቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ከመንገዱ አይወጣም፤ ወለሉን የሚነካው ታችኛው ነጥብ በዛቢያው ላይ ስለ ሆነ በሽክርክሪቱ ምክንያት ወደ ጎን አይንሸራተትምና። ኳስ የሚታጠፈው ዛቢያው ወደ አግድም ተጋድሞ፣ ኳሱ ወደ ፊት እየሄደ በከፊል ወደ ጎን ለመንከባለል የሚሞክር ሲሆን ነው። ኳሱ ወደ ግራ ለመንከባለል ሲሞክር ታችኛው ነጥቡ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ሰበቃ ደግሞ ሁልጊዜ መንሸራተትን ስለሚቃወም ኳሱን ወደ ግራ ይገፋዋል።

ይህ ግፊት በመንገዱ ሁሉ እኩል አይደለም። ብዙውን ጊዜ የወለሉ የመጀመሪያ 12 ሜትር ያህል በዘይት የተቀባ ነው፤ የቀረው ደረቅ ነው። ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና ጎማው እየተሽከረከረ ባለበት እንደሚቆይ፣ አስፋልቱን በያዘ ጊዜ ግን ተስፈንጥሮ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ኳሱም በዘይቱ ላይ ሽክርክሪቱን ይዞ ይንሸራተታል፤ ደረቁን ወለል ሲያገኝ ሽክርክሪቱ ወደ አቅጣጫ ይለወጣል። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ኳሱ በድንገት ሐሳቡን የለወጠ ይመስላል።

መጠኑን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። ኳሱን ውስጡ ወጥ የሆነ ድቡልቡል አካል ነው ብለን እንውሰድ። መንሸራተቱ ሲያበቃና ንጹሕ መንከባለል ሲጀምር የሚኖረው ፍጥነት የመነሻ ፍጥነቱ ሰባት አምስተኛ ሳይሆን አምስት ሰባተኛ (5/7)፣ በዚህ ላይ ሽክርክሪቱ በኳሱ ገጽ ላይ የሚፈጥረው ፍጥነት ሁለት ሰባተኛ (2/7) ተደምሮበት ነው። ይህ ድምር አቅጣጫን ያካተተ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ጎን ያለው ለየብቻ ይደመራል። አንድ ተጫዋች ኳሱን በሰከንድ 8 ሜትር ፍጥነት፣ በደቂቃ 300 ዙር እያሾረ፣ ዛቢያውን 45 ዲግሪ አዙሮ ቢለቀው፣ የኳሱ ሬዲየስ 10.8 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ የገጹ ፍጥነት በሰከንድ 3.4 ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህም ወደ ፊትና ወደ ጎን ለእያንዳንዳቸው 2.4 ሜትር ይደርሳቸዋል። በመጨረሻ ኳሱ ወደ ፊት በሰከንድ 6.4 ሜትር፣ ወደ ጎን 0.69 ሜትር ይጓዛል። የአቅጣጫው ለውጥ 6.1 ዲግሪ ነው። ኳሱ ሲለቀቅ በጥቂቱ ወደ ውጭ ስለሚላክ የመግቢያው ማዕዘን ከዚህ ትንሽ ያንሳል፤ ይህም ከላይ ከጠቀስነው ተመራጭ ማዕዘን ጋር ይገጥማል። እርግጥ የዘመኑ ኳስ ውስጡ ወጥ አይደለም፤ በውስጡ ልዩ ቅርጽ ያለው አስኳል አለው፣ ሽፋኑም ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሰበቃን በሚያበረታ ሙጫ መሰል ቁስ ይሠራል። መሠረቱ ግን ይኸው ስሌት ነው።

መስታወቱ

አሁን የተገላቢጦሹን እንመልከት። በዚሁ ስሌት ውስጥ የጎኑን ሽክርክሪት አቅጣጫ ብቻ እንለውጥ። ውጤቱ ያው 6.1 ዲግሪ ነው፤ የተለወጠው የመደመሩና የመቀነሱ ምልክት ብቻ ነው። ሰበቃ ግራና ቀኝን አይለይም።

ፒኖቹስ? ከ1ኛው በ5ኛው ላይ አቋርጦ ወደ ኋላ የሚያልፍ መስመር ብናሰምር፣ የግራው ወገን የቀኙ የመስታወት ምስል ነው። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኳስ በ1ኛውና በ2ኛው ፒን መካከል ይገባል፤ ራሱ 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 5ኛውንና 8ኛውን ይነካል፤ 1ኛው 3ኛውን፣ 3ኛው 6ኛውን፣ 6ኛው 10ኛውን፣ 2ኛው 4ኛውን፣ 4ኛው 7ኛውን፣ 5ኛው 9ኛውን ይጥላል። ሰንሰለቱ አንድም ቀለበት አልጎደለበትም። ግራ እጃቸውን የሚጠቀሙ ተጫዋቾች የተለመደ ሁካቸው የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ እነርሱን ማንም ስሕተተኞች አይላቸውም።

እንግዲህ ከኳሱና ከፒኖቹ ወገን ክስ የለም። ክስ ካለ የሚመጣው ከሦስተኛው ምስክር፣ ከአካሉ ነው።

አካሉ

ቀኝ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና መዳፋችሁን ለሰላምታ እንደምትሰጡ አድርጋችሁ ያዙ። ከዚህ ተነሥታችሁ መዳፉን ወደ ታች ብታዞሩ በተለመደው ሁክ አቅጣጫ ሄዳችኋል። ወደ ላይ፣ እህል እንደሚቀበል እጅ ብትገለብጡት ደግሞ የተገላቢጦሹን አቅጣጫ ይዛችኋል። በተለመደው ሁክ ጣቶቹ ከኳሱ ኋላ ተነሥተው በቀኙ በኩል ወደ ላይ ይስባሉ፤ አውራ ጣት ቀድሞ ይወጣል፣ የመሃልና የቀለበት ጣት የመጨረሻውን ሽክርክሪት ይሰጣሉ። በተገላቢጦሹ ጣቶቹ በኳሱ ግራ፣ በውስጥ በኩል ያልፋሉ፤ ክንዱም ወደ ውጭ ይዞራል።

በእነዚህ ሁለት እንቅስቃሴዎች መካከል መስታወት የለም። መዳፍን ወደ ላይ የሚገለብጠው ዋነኛ ጡንቻ ባይሴፕስ ሲሆን፣ ይህን ሥራ በብርታት የሚሠራው ክርን ታጥፎ ሳለ ነው። ቦውሊንግ ተጫዋች ግን ኳሱን የሚለቀው ክንዱ ተዘርግቶ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ኃይል ለማሟላት ትከሻው ወደ ውጭ መዞር ይጀምራል፤ ትከሻው ሲዞር ደረት ይከፈታል፤ ደረት ሲከፈት ክንዱ ከሰውነቱ ይርቃል። በሌላም በኩል መዳፉ አስቀድሞ ወደ ፊት ዞሮ ከሆነ ወደ ውጭ የመዞሪያው ክልል ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ለመጨረሻው ቅጽበት የሚተርፍ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ችግር የቦታ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው በመጨረሻው እርምጃው በግራ እግሩ ይንሸራተታል፤ ኳሱ ከእግሩ በስተቀኝ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ያርፋል እንበል። የተገላቢጦሽ ሁክ ከወለሉ ግራ ወገን መነሣት ስላለበት፣ ኳሱ ከግራው ጠርዝ 27 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲያርፍ ቢፈለግ እግሩ ከጠርዙ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ መቆም አለበት። በዚያው ቦታ የሚጫወት ግራኝ ግን እግሩ ከጠርዙ 45 ሴንቲ ሜትር ርቆ በምቾት ይቆማል። ወለሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሠሩና ኳስ የሚመለስበት መሣሪያ በመካከላቸው ስለሚቆም፣ ከጥንዱ በቀኙ ወለል ላይ ሲጫወት ያ መሣሪያ በግራው በኩል መተላለፊያውን ያጠብበታል።

የእነዚህ ሁሉ ድምር በሽክርክሪቱ ላይ ይታያል። ቀደም ሲል በደቂቃ 300 ዙር ብለን ነበር። ደካማ አለቃቀቅ 100 ዙር ብቻ ቢሰጥ፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የአቅጣጫው ለውጥ ወደ 2.2 ዲግሪ ይወርዳል። የኳሱን ፍጥነት ወደ 6 ሜትር ብናወርድ 2.9 ዲግሪ እናገኛለን፤ ግን ያተረፍነውን በፍጥነት ከፍለናል። ብዙ የተገላቢጦሽ ተጫዋቾች ስትራይክ የሚያጡት ኳሳቸው ወደ ቀኝ ስለ ታጠፈ አይደለም፤ የሚበቃውን ያህል ስላልታጠፈ ነው። አሠልጣኙ ያየው ጉድለት እውነተኛ ነበር፤ ስሙን ግን አሳስቶታል።

ትርፉና ዋጋው

ይህን አወራወር የያዘ ሰው የሚያተርፈው ነገር አለ። ለቀኝ እጅ ተጫዋቾች ከሁሉ የሚያስቸግረው ብቻውን የቀረ 10ኛ ፒን ነው፤ የተለመደው ሁክ ከቀኙ ጥግ እየሸሸ ይታጠፋልና። የተገላቢጦሹ ግን ወደዚያው ጥግ ይሄዳል። 3ኛውና 10ኛው ፒኖች አብረው ሲቀሩም ኳሱ ከ3ኛው ቀኝ ጎን ተነክቶ ወደ 10ኛው ለመሻገር አቅጣጫው ያግዘዋል። እርግጥ ችግሩ አልጠፋም፤ ከ10ኛው ወደ 7ኛው ተዛወረ እንጂ።

ሌላው ትርፍ ከዘይቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከተጫዋቾች አብዛኞቹ ቀኝ እጃቸውን ስለሚጠቀሙ፣ ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ የወለሉ ቀኝ ወገን ዘይት ቶሎ ይነሣል፤ ኳሱ ትናንት ከታጠፈበት ሳይሆን ከሰዓት በፊት ከታጠፈበት ቦታ እንኳ ቀድሞ መታጠፍ ይጀምራል። የግራው ወገን ግን ብዙም ሳይነካ ይቆያል። በተገላቢጦሽ የሚወረውር ተጫዋች እንደ ግራኞቹ ያንን ጸጥ ያለ ወገን ያገኛል።

ዋጋው ደግሞ ይህ ነው። ኳሱ ሲበሳ የጣቶቹ ቀዳዳዎች ከውስጡ አስኳል ጋር የሚኖራቸው አቀማመጥ የሚወሰነው ኳሱ በሚሽከረከርበት ዛቢያ ነው። የተገላቢጦሽ ተጫዋች ዛቢያ በተቃራኒው ወገን ስለሚገኝ፣ ቀዳዳዎቹ ለቀኝ እጅ፣ የአስኳሉ አቀማመጥ ግን ለግራኝ እንደሚሠራው መሆን አለበት። ይህን ሳያውቅ የተለመደውን ኳስ የገዛ ተጫዋች ኳሱ የሚገባውን ያህል ስለማይሠራለት ጥፋቱን በራሱ ላይ ይቆጥራል።

ስሕተትና ልዩነት

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከልማድ የወጣ እንቅስቃሴ ሁሉ ስሕተት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት በዚያው ዕለት፣ ዲክ ፎስበሪ የተባለ አሜሪካዊ ጀርባውን ለአግዳሚው ሰጥቶ 2.24 ሜትር በመዝለል የከፍታ ዝላይን ወርቅ ወሰደ። ዛሬ በጀርባ የማይዘል የለም። በቦውሊንግም ቢሆን አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ በመወርወር፣ በፕሮፌሽናል ማኅበሩ ታሪክ ከማንም የሚበልጡ 15 ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፏል።

ነገር ግን እነዚህን ምሳሌዎች ጠቅሰን የተገላቢጦሽ ሁክም አንድ ቀን እንዲሁ ይሆናል ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ፎስበሪ ያሸነፈው የተለየ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ በጀርባ ሲዘለል ሰውነት አግዳሚውን ሲሻገር የክብደቱ ማእከል ዝቅ ብሎ ሊያልፍ ስለሚችል ነው። የቤልሞንቴም ሁለተኛ እጅ ለኳሱ ተጨማሪ ሽክርክሪት ይሰጣል። ሁለቱም ልማዱ ያልነበረውን ትርፍ አምጥተዋል። የተገላቢጦሽ ሁክ ግን በፒኖቹ ዘንድ ከተለመደው እኩል እንጂ የሚበልጥ ማዕዘን አያመጣም፤ ያንኑ እኩል ውጤት ለማግኘት ደግሞ አካሉን ይበልጥ ያስከፍለዋል። ፍርዴን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላጠቃልለው፦ የተገላቢጦሽ ሁክ ከኳሱ አንጻር እኩል፣ ከአካሉ አንጻር ውድ ነው።

ከዚህ ፍርድ ለአሠልጣኝ የሚወጣው ሥራ ግልጽ ነው። ጀማሪ ከሆነና እጁ ገና ካልተወሰነ የተለመደውን አስተምሩት፤ ርካሹ መንገድ እርሱ ነውና። ለዓመታት የተጫወተበት፣ ሽክርክሪቱ የሚበቃ፣ አለቃቀቁ በየውርወራው አንድ ዐይነት የሆነ ሰው ከሆነ ግን አትንኩት፤ ይልቁንም የሚቆምበትን ቦታ ወደ ግራ ውሰዱለት፣ ዒላማውን ከ1ኛና ከ3ኛ ወደ 1ኛና 2ኛ ለውጡለት፣ ኳሱን ለሚሽከረከርበት ዛቢያ አስበሱለት። ክርኑን ወይም የእጁን አንጓ ደጋግሞ የሚያመው ከሆነ ደግሞ ክርክሩ አበቃ፤ አካሉ ራሱ መልስ ሰጥቷል፣ እንቅስቃሴውም መለወጥ አለበት።

በቋንቋችን ነገር ሲጠፋን «ግራ ገባኝ» እንላለን። ብዙዎቻችን በልጅነታችን በግራው የሚጽፍ ልጅ እርሳሱን ወደ ቀኝ እጁ እንዲያዛውር ሲገደድ አይተናል። ያ ልጅ የጻፈው ፊደል ጠማማ ነበር? ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በኳስና በፒን ምሳሌ ያየነው ይህንኑ ጥያቄ የመጠየቅን ልማድ ነው። መልሱ አንዳንድ ጊዜ «አዎ፣ ጠማማ ነው» ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ «ፊደሉ ደኅና ነው፣ ወንበሩ ግን አልተመቸውም» ይሆናል። ሁለቱን መልሶች መለየት የሚችለው ከእጁ ቀድሞ ፊደሉን ያየ መምህር ብቻ ነው።